እግሬም ይግባ

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ፎቶ የማያነሳ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሠርግ ሆነ ክርስትና፣ ምርቃት ሆነ ልደት፣ አዲስ ጫማ ሆነ አዲስ የፀጉር ቁርጥ፣ ሁሉም ስልኩን ይመዛል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ ትከሻውን ሲነካው እንኳ ራሱን ማንሳቱን የማያቋርጥ ተሳፋሪ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ላፍቶ ሞል ደጃፍ የቆመ ሰው፣ ገብቶ ከሚገዛው ይልቅ ደጁ ላይ ተነስቶ የሚመለሰው እንደሚበዛ ይታዘባል። ድሮ ፎቶ ለመነሳት ፀጉር ይተኮሳል፣ ክራባት ይዋሳሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ። ዛሬ ፎቶ አንሺው በየኪሱ ነው። አንሺ ሞልቷል፤ ደግመው የሚያዩት ፎቶ ግን ዛሬም እንደ ድሮው ብርቅ ነው።

በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ የልጁን የሠርግ ፎቶ ሊያሳየኝ ስልኩን አቀበለኝ። ሙሽራዋን ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጄኔሬተሩን ነው። ቀጥሎ ቢጫ ጀሪካን። ቀጥሎ የድንኳን ካስማ፣ የቢራ ሣጥን፣ ሳህን ደራርቦ የሚሮጥ ጎረምሳ፣ ሁለት ወንበር ገጥመው ያስተኙት የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሕፃን። ሙሽራዋን ያገኘኋት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሷም ከአናቷ ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሎባት። «ታምራለች አይደል?» አለኝ አባት በኩራት። ጄኔሬተሩም ጥሩ ወጥቷል ልለው ከጅሎኝ ነበር፤ ሠርግ ነውና ተውኩት።

እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያጋጥም ሁሉም የሚወቅሰው ስልኩን ነው። «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይባላል። ልጁ ውጭ አገር ያለ ሰው ደግሞ የተሻለ ስልክ እንዲላክለት በዚያው ያሳስባል። እኔ ግን ጥፋቱ የስልኩ አይመስለኝም። ጥፋቱ የጨዋነታችን ነው። እኛ ሰው ማስቀረት አንችልም። ምሳ የቀረበለት ሰው በበሩ ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ ፎቶ ሊነሳ የቆመም «ና ግባ፣ አንቺም ግቢ፣ ኧረ ዘበኛውንም ጥሩት» ይላል። የፎቶ ጥበብ ደግሞ አራት ማዕዘን ድንበር አስምራ «ማን ይቅር?» ብላ ትጠይቃለች። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በኛ ሠፈር ያጣላል።

ይህን ጥል ለማስታረቅ የተነሱ አንድ ሰው ሠፈራችን ውስጥ አሉ። ፎቶ ቤት አላቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፊልም ሲያጥቡ ነው ያረጁት። ዛሬ ፎቶ ቤቱ የሚኖረው በጉርድ ፎቶ፣ በፎቶ ኮፒና በላሚኔሽን ነው። እጃቸው ሥራ ቢፈታም አፋቸው ስለማይፈታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሠፈሩን ልጆች ሰብስበው የፎቶ ቅንብር ያስተምራሉ። የእህቴ ልጅ ተመዘገበች። እኔ ላደርሳት ሄድኩ፤ ወንበር አመጡልኝ። ወንበር ቀርቦለት፣ ቡና እየተቆላ፣ ተነስቶ የሚሄድ ሐበሻ አላውቅም።

የጋሼ ትምህርት በካሜራ አልጀመረም። «ፎቶ ማንሳት ድግስ መደገስ ነው» አሉ። «ጠሪው አንተ ነህ። ድንኳንህ ጠባብ ነው። እንግዳው ብዙ ነው። የክብር እንግዳው ጓዳ ገብቶ፣ የሠፈር ውሪ ከላይ ቢቀመጥ ማን ይዋረዳል? ጠሪው ነዋ!» ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ከምራቸው ነበር። መስመር፣ ቅርጽ፣ የገጽ ልስላሴና ሻካራነት፣ ድግግሞሽ፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ክፍት ቦታ ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የንድፍ መሠረቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። «እነዚህ አስተናጋጆችህ ናቸው፤ እንግዳውን ይዘው ወደ ቦታው የሚያደርሱት እነሱ ናቸው» አሉ።

ትምህርቱ አዲስ አይደለም። አርተር ዌስሊ ዳው የሚባል አሜሪካዊ የሥዕል መምህር፣ ዓድዋ በሆነ በ3 ዓመቱ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ስለ ቅንብር አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የሥዕልን ጣጣ ሁሉ ወደ ሦስት ነገር አወረደው፤ መስመር፣ የጨለማና የብርሃን ድርሻ፣ ቀለም። ተማሪ መጀመሪያ አፍንጫና ጆሮ መሳል ሳይሆን አንድን አራት ማዕዘን አሳምሮ መክፈል ይማር አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የነገራቸውን ሰው በጥርጣሬ አይተው «ይሄማ የእናቴ የጥበብ ቀሚስ ነው፤ መስመሩም ቀለሙም ቦታውን ያውቃል» ብለዋል አሉ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ መስመር ብቻ አንስቶ መምጣት ነበር። ልጆቹ ወጥተው ሁሉም ሽቦ አንስተው መጡ። አይፈረድባቸውም። ቀና ሲሉ የሚታየው ሰማይ ሳይሆን ሽቦ ነው፤ የመብራቱ፣ የስልኩ፣ የኢንተርኔቱ፣ ምን እንደሆነ የተረሳውም። ጋሼ ሽቦውን አልናቁም። «መስመር ማለት ለዐይን መንገድ ማለት ነው፤ ዐይን መንገድ ካገኘ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ጥያቄው የት ያደርሰዋል ነው» አሉ።

የእህቴ ልጅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የኮብልስቶን ቅያስ አንስታ ነበር። በግራ የጥቁር ድንጋይ አጥር፣ በቀኝ ቆርቆሮ አጥር፣ ከመሃል ድንጋዩ ተሰድሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሦስቱም መስመሮች እየጠበቡ እየጠበቡ ሄደው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ነው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩትና «መንገዱ ንጉሥ ያስኬዳል፤ የጋበዝሽን ግን ገንዳ ነው» አሏት። ተመልሳ ሄደች። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠጋች፤ ገንዳው ከአጥሩ ማዕዘን ጀርባ ተሰወረ። ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቅያሱ ጫፍ ላይ ብቅ አሉ። ያን ጊዜ ነካች። ቅያሱ ያው ቅያስ፣ ስልኩም ያው ስልክ ነው።

ከሙሽራዋ አናት ላይ የበቀለው ምሰሶም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ሰው ሲያይ ምሰሶው ከኋላ፣ ሙሽራዋ ከፊት እንደሆነች በሁለት ዐይኑ ይለያል። ካሜራው አንድ ዐይና ነውና ሁለቱን አጣብቆ ያወጣቸዋል። አንሺው ግማሽ እርምጃ ቢንቀሳቀስ ምሰሶው ከሙሽራዋ ራስ ላይ ይወርዳል። ግማሽ እርምጃ ግን በኛ ሠፈር ውድ ነው። አንሺው ባለበት ተተክሎ ተነሺዎቹን «ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ» እያለ ቱቦ ውስጥ ሊከታቸው ይደርሳል እንጂ እሱ አይነቃነቅም።

ሦስት ቦታ የመክፈሉ ነገር ደግሞ አለ። ስልካችሁ ላይ ግሪድ የሚባለውን ስታበሩት ስክሪኑ በሁለት ቁምና በሁለት አግድም መስመር ለ9 ይከፈላል። ዋናውን ነገር መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው ነጥቦች በአንዱ ላይ አድርጉ ይባላል። ይህን ሕግ በስሙ ጠርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ መኳንንቱ አገር በመከፋፈል ተጠምደው ስለነበር ሥዕል ለመከፋፈል ጊዜ አላገኙም። ልጆቹ ሕጉን በተማሩ ሰሞን ሠፈሩ በሙሉ ወደ ጎን ሸሸ። ጀበናው ጥግ፣ በጉ ጥግ፣ አያት ጥግ። አንዲት እናት የልጃቸውን የክርስትና ፎቶ አይተው «ምነው፣ ሕፃኑን ማን ገፋው?» አሉ።

ጋሼ ሁከቱን ያበረዱት ከመሳቢያቸው የቅዱስ ገብርኤልን ምስል አውጥተው ነው። በታኅሣሥ 19 ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚሸጡት ዓይነት፣ ታክሲ ውስጥም ሳሎን ውስጥም የሚሰቀለው። ሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ ውስጥ ቆመዋል፤ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ ከላያቸው፤ ናቡከደነፆር ከዳር። «ንገሩኝ፣ ገብርኤል የት ነው ያለው?» አሉ ጋሼ። መሃል ነው። «ማን ነው ትልቁ?» ገብርኤል። «ንጉሡስ?» ጥግ፣ ያውም ትንሽ። ንጉሥ ሆኖ ጥግ የተሰጠው በሥራው ነው። ሦስቱ ልጆች ከታች፣ መልአኩ ከላይ፣ ዐይን ከሦስቱ ተነስቶ ወደ አንዱ ይወጣል። ሕጉ ጥግ ወይም መሃል አይደለም፤ ለማን ምን ቦታ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ይህን በሠፈራችን ነጠላ አጣፍቶ ደጅ የሳመ ሰው ሁሉ ሳይማር ሲያየው ኖሯል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስለመደን ሌላም ነገር አለ። በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ቅዱሳን ፊታቸውን ወደኛ መልሰው በሁለት ዐይን ይሳላሉ፤ ርኩሳን መናፍስትና ክፉዎች ግን በጎናቸው፣ በአንድ ዐይን ብቻ። ከልጆቹ አንዱ ለቅርጽ ትምህርት ብሎ የሠፈራችንን ሽማግሌ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ «አባባ፣ እስቲ ወደ ጎን ይዙሩልኝ» አላቸው። የአፍንጫቸው፣ የጢማቸው፣ የጥምጣማቸው ጠርዝ በብርሃኑ ላይ ጥርት ብሎ ሊወጣ ነው። እሳቸው ግን ከወንበሩ ተነሱ። «እኔ በአንድ ዐይን የምወጣው ማንን በድዬ ነው?» ልጁ ተንተባተበ። በዚህ ላይ መንግሥትም ከሽማግሌው ጋር ነው፤ ለመታወቂያም ለፓስፖርትም ፊት ለፊት፣ ጆሮ ታይቶ፣ ሳይስቁ ነው የሚነሱት። በቤተ ክርስቲያንም በቀበሌም የጸደቀ አቀማመጥ ስለሆነ ሐበሻ ካሜራ ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቢቆም አይገርምም።

የገጽ ልስላሴና ሻካራነት በጎን ብርሃን ይወጣል። ቆርቆሮ አጥር በቀትር ያው ቆርቆሮ ነው፤ ማለዳ ፀሐይ በአግድም ስትመታው እያንዳንዱ ሸንተረር ጥላ አውጥቶ ይታያል። ጋቢም፣ ኮብልስቶንም፣ የአዛውንት ፊትም እንዲሁ ነው። ታዲያ የዘመኑ ስልክ ይህን ሁሉ የሚያጠፋ ማሳመሪያ ይዞ መጣ። ባለፈው ዓመት ያየሁት አንድ የሠርግ አልበም ላይ የሙሽራዋ እናት ከሙሽራዋ አንሰው ወጥተዋል። ሙሽራው የትኛዋን እንዳገባ ለማወቅ ቬሎውን ማየት ያስፈልጋል። ድግግሞሽን በተመለከተ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ወንበሮችን አይቶ የማያውቅ የለም። ያው ፕላስቲክ ወንበር በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ዐይንን ያስተኛል። በመካከሉ አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሕፃን ሲቀመጥበት ግን ዐይን ይነቃል።

ወደ ቀለም የሚወስደን ያ ቀይ ሹራብ ነው። ቀይና ቢጫ ሳይጠሩ የሚመጡ፣ መጥተውም ከፊት የሚቀመጡ ቀለሞች ናቸው። በዚያ የሠርግ ፎቶ ውስጥ ከሙሽራዋ አስቀድሞ ጀሪካኑ የታየኝ ዐይኔ ውሃ ስለጠማው አይደለም፤ ቢጫ ስለሆነ ነው። ይህን ጠባይ አውቆ የሚጠቀም ሰው ግን ተአምር ይሠራበታል። አይዳ ሙሉነህን ውሰዱ። በልጅነቷ ከአገር ወጥታ ያደገችው ውጭ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ተመልሳ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ሥራዎቿ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ እንዲሁ ተበትነው አይገኙም። የተቀባ ፊት፣ ወጥ ቀለም ያለው ልብስ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፤ እያንዳንዱ ቀለም ሥራ ተሰጥቶታል። የሥሩን ምንጭ ለሚፈልግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሩቅ አይደለም።

ከሥዕል ወደ ፎቶ የመጣም አለን። ሚካኤል ጸጋዬ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ካሜራ አነሳ። ቀለሙ ሰውነቱን ቢያስቆጣው ቅንብሩ ዐይኑ ውስጥ ቀርቶ ነበርና የአዲስ አበባን ፈርሶ መሠራት በጥቁርና ነጭ አስቀርቶልናል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ወደ ልጆቹ ዞረው «እናንተ የምትሸሹት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው ፎቶ አንሺ የሚያደርገው» ማለታቸው አልቀረም።

በብርሃን ጉዳይ ላይ እግዜር ለኛ አድልቷል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ክረምት ከበጋ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከንጋት ስለሚነሳ ለፎቶ አንሺ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የፈረንጅ ፎቶ አንሺ መልካሙን ብርሃን ለማግኘት ሰንጠረዥ ያገላብጣል፤ እኛ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 11 ሰዓት ብለን እንጨርሳለን። በነዚህ ሰዓቶች ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ትመታለች፤ ብርሃኑ ይሞቃል፣ ጥላው ይረዝማል፣ የድንጋይ አጥር እንኳ ደም ግባት ያገኛል።

እኛ ታዲያ መቼ ነው የምንነሳው? በ6 ሰዓት! ሠርገኛው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ምሳ ሲሄድ፣ ከሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለፎቶ ነው። ወላጆቻችን በግዮን ሆቴል አትክልት ስፍራ፣ ልጆቻችን ደግሞ በየአዲሱ ፓርክ፣ ሁሉም በቀትር ተሰልፈዋል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ፀሐይዋ ከአናት ቀጥ ብላ ትወርዳለች። የሚዜው ዐይን ጉድጓድ ይሆናል፤ አፍንጫው ከንፈሩ ላይ ጥላ ጥሎ ጺም ያወጣለታል። ጋሼ መላ አላቸው። በቀትር የግድ ከሆነ ጥላ ፈልጉ፤ በረንዳ፣ ዛፍ ሥር፣ የተከፈተ በር አፍ ላይ። ከዚያ አንድ ሰው ነጭ አቡጀዲ በሁለት እጁ ወጥሮ ከፊት ይቁም፤ ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። አቡጀዲው በፈረንጅ ስሙ ሪፍሌክተር ተብሎ ሲሸጥ ዋጋው አይነካም።

በ19 ቀን ጠዋት የሚገጥመው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። የገብርኤል ዕለት ምዕመናኑ ነጭ በነጭ ለብሰው ሲወጡ ከማየት የሚያምር የለም። ስልክ አውጥታችሁ ስታነሱት ግን ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ዘረኛ ሆኖ አይደለም፤ ደደብ ሆኖ ነው። ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ከደረሰው ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ነጭ በነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። መድኃኒቱ በጣት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩ፣ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ሳቡ። ፊቱ ይፈካል፣ ነጠላውም ይነጣል።

ካሜራውን እንዲህ ከዘረኝነት ነጻ ባወጣውም የፊልሙ ታሪክ ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ አጣቢዎች የቀለም መለኪያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ሥራው አማረ። ጠቆር ያለው ሰው ጥርስና ዐይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ነገሩን ያነቃነቁት ሰዎቹ ሳይሆኑ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ፋብሪካዎች ናቸው፤ የማስታወቂያ ፎቶአችን ላይ ቡናማው ከቡናማው አይለይም ብለው አቤት አሉ። የኛ መልክ ፊልም ላይ የተሻሻለው እንግዲህ ቁምሣጥንና ቸኮሌት አማልደውን ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ያኔ ፊልም ሳጥብ የተሰደብኩት ስድብ ለሸርሊ ይተላለፍልኝ» አሉ።

እስካሁን ያለው ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ጠቡ የሚነሳው ክፍት ቦታ ላይ ነው። መጻሕፍቱ ክፍት ቦታ ተው ይላሉ፤ ሰው በሚያይበት አቅጣጫ ባዶ ስፍራ ካለ ፎቶው ይተነፍሳል። ይህን ትምህርት የእህቴ ልጅ ግቢያችን ውስጥ ባሉት እማማ ላይ ሞከረችው። እማማ አሜሪካ ላለው ልጃቸው የሚላክ ፎቶ ፈልገው ነበር። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ግራ ዳር አስቀመጠቻቸው፤ ቀኙ ሁለት እጅ ባዶ ግድግዳ ነው። ከወገብ በላይ ነው ያነሳችው። ብርሃኑ፣ የነጠላው ጥለት፣ የእጃቸው ሥር ሁሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ለውድድር ቢቀርብ አያሳፍርም።

እማማ ስልኩን አራቅ አድርገው አዩት።

«እዚህ ጋ ማን ሊቆም ነው?» አሉ፣ ባዶውን እያሳዩ።

«ማንም እማማ፤ ክፍት ቦታ ነው። ለአየር።»

«አየር በፎቶ ይነሳል እንዴ ልጄ? ሰው የለኝም ልትዪው ነው? ባዶ ግድግዳ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ቢያየኝ ሥራውን ጥሎ አይመጣም?»

«እሺ እማማ…»

«እግሬስ የታለ? እግሬም ይግባ! እናቴ እግሯን ታመመች፣ ደብቀውኝ ነው ይላል። ጫማውም እሱ የላከው ነው።»

የእህቴ ልጅ ለአቤቱታ ወደ ጋሼ ሮጠች። ጋሼ የፈረዱት ለእማማ ነው። ፍርዳቸውም ትክክል ነው። ያ ፎቶ ግድግዳ ማሳመሪያ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ተቀባዩ መጀመሪያ የሚመረምረው ጤና ነው። ወገብ ላይ የተቆረጠች እናት፣ ሚሊዮን ሰው ቢያደንቃት፣ ለልጇ እንቅልፍ ነው የምትነሳው። ክፍት ቦታም እንደዚሁ ነው፤ ለአንዱ እፎይታ ሲሆን ለሌላው ብቸኝነት ነው። ጥሩ ጠሪ ወንበር ከመደርደሩ በፊት እንግዳው ማን እንደሆነ ያጣራል።

እንደገና ተነሱ። አሁን እማማ ወንበሩ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ጫማው ሁለቱም፣ ተጠርጎ፣ ገብቷል። ባዶው ግድግዳ ላይ ከሳሎን የመጣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የዚያው የአሜሪካው ልጅ የምርቃት ፎቶ፣ ጋዋን እንደለበሰ። እናት ወደ እሱ ዘንበል ብለዋል። የክፍት ቦታው ሕግ አልፈረሰም፤ ባለቤት አገኘ እንጂ። ሲላክለት በደቂቃ ውስጥ ደወለ። ያወራው ስለ ጫማው ነው።

ይህ የእማማ ፍላጎት ኋላ ቀርነት ከመሰለን የነገሥታቱን ፎቶ እንይ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ከምኒልክ በኋላ ለነበሩት ነገሥታት የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የዘውድ ልብስ ለብሰው ዙፋን ላይ የተነሱ ነገሥታትን ስታዩ ከዘውድ እስከ ጫማ የቀረ የለም። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። ምኒልክ አሉ፣ ጣይቱ አሉ፣ መድፉ፣ ነጋሪቱ፣ ቁስለኛው፣ ፈረሱ ሁሉ አለ። አንድ ሰው እንኳ አልቀረም። ግን ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ የሚጠፋው ተመልካች የለም። ሁለቱ ጦሮች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ገጥመዋል፤ ከላይ ከመሃል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለ፤ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ አስገብቶ ማንንም ሳያደባልቅ የደረደረ ሠዓሊ ስለ ቅንብር ከማንም የሚማረው ብዙ አልነበረውም።

ስለዚህ ሰው አለማስቀረታችንን እንደ ኃጢአት ማየቱ ይብቃን። ቤተሰብ ሲነሳ ሁሉም ይግባ፤ ዘበኛውም፣ የጎረቤት ልጅም፣ ጫማውም። ማስቀረት ያለብን ሰውን ሳይሆን ጀሪካኑን ነው። ያልጠራነው ጄኔሬተር ገብቶ ከሙሽራ እኩል ሲቀመጥ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም፤ ስንፍና ነው።

እናም አንባቢ ሆይ፣ ለሚመጣው ድግስ ይህን ያዝ። በ6 ሰዓት ሳይሆን በ11 ሰዓት አንሳ። ከመንካትህ በፊት ዐይንህን በአራቱም ጠርዝ አዙር፤ ከዚያ ግማሽ እርምጃ ተንቀሳቀስ። ፊት ላይ ነካ አድርገህ ብርሃኑን ለፊቱ ስጥ። አንዱን ለቤተሰቡ ከራስ እስከ እግር አንሳና ሌላውን እንደ ልብህ ቁረጠው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩውን መርጠህ ሠፈርህ ያለው ፎቶ ቤት ሂድና አሳትመው፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፤ የታተመ ፎቶ ግን ባትሪ አያልቅበትም።